ቤትና ሰፈር፦ በመሀል አዲስ አበባ አሮጌ ቤት ለመግዛት ላሰቡ

በዚህ ዕትም ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ መሀል ከተማው ጸጥ ያሉ አሮጌ ሰፈሮች የሚጠይቁ ናቸው፤ ከስድስት ኪሎ ጀርባ፣ ቀበና፣ አርመን ሰፈር፣ ሰባ ደረጃ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ፒያሳና አካባቢው ላይ ብዙ አሮጌ ቤት ከፈረሰ ወዲህ፣ የቀሩትን መግዛት የሚፈልገውም የሚፈራውም ሰው እኩል በዝቷል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ከስድስት ኪሎ ወደ ቀበና ሲወረድ ገባ ብሎ አንድ አሮጌ ቤት አይተናል። ሻጯ ያሳዩን ካርታ 320 ካሬ ይላል። ደላላው «ዛሬ ቀብድ ካልሰጣችሁ ነገ ይሸጣል» እያለ ያጣድፈናል። እኔና ባለቤቴ ከምን እንጀምር?
ሰ. መ.፣ ከመገናኛ

መልስ፦ ከግድግዳውም ከዋጋውም አትጀምሩ፤ ከፕላኑ ጀምሩ። የተሰነጠቀ ግድግዳ ይጠገናል፣ የጎደለ ወረቀት ይሟላል። ቦታው በፕላን መንገድ ወይም አረንጓዴ ስፍራ ተብሎ ከተያዘ ግን ምንም ብታደርጉ አታድኑትም። የካርታውን ኮፒ ከሻጯ ተቀበሉና ወደ ክፍለ ከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ሦስት ነገር ጠይቁ። ቦታው በመዋቅራዊ ፕላኑ (በመላ ከተማው ፕላን) ለምን አገልግሎት ተመደበ? የአካባቢ ልማት ፕላን (የሰፈሩ ዝርዝር ፕላን) ወጥቶለታል ወይ? አጠገቡ ያለው መንገድ በፕላን ስንት ሜትር ነው? የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ዛሬ አራት ሜትር የሆነ መተላለፊያ በፕላን አሥራ አምስት ሜትር ከሆነ፣ የመንገዱ ጠርዝ ሳሎናችሁ ውስጥ ሊያልፍ ይችላል። መልሱን ከደላላ ሳይሆን ከፕላን ባለሙያ ስሙ፤ ከተቻለም ሻጯ ራሳቸው አመልክተው በጽሑፍ ያምጡት።

ቀጥሎ ቦታው ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) ነው ወይስ ሊዝ (ከመንግሥት በውል ለተወሰነ ዘመን የተያዘ) የሚለው ነው። በእነዚህ ሰፈሮች አብዛኛው ነባር ይዞታ ነው። በሊዝ አዋጁ (ቁጥር 721/2004) መሠረት፣ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ፣ ገዢው ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ሥሪት ነው። ይህን ሳያውቅ ገዝቶ ስም ሲያዛውር የሊዝ ውል ፈርም የሚባል ሰው አለ፤ ገንዘቡን ጨርሶ ለሻጭ ከከፈለ በኋላ ነው የሚደነግጠው። ስለዚህ ለዚያ ደረጃ ቦታ በካሬ ሜትር የሚታሰበውን የሊዝ ዋጋ፣ ቅድመ ክፍያውንና ዓመታዊውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። በ320 አባዙትና የቤቱ ዋጋ ላይ ደምሩት። የመኖሪያ ሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው።

ከዚያ ቀያሽ ይዛችሁ ግቡ። የካርታውን የማዕዘን ነጥቦች መሬት ላይ አስለኩ። በአሮጌ ሰፈር አጥር ይንቀሳቀሳል፤ ጎረቤት ኩሽና ሲያስፋ፣ መንገድ ሲወጣ፣ የተናደ ካብ እንደገና ሲደረደር። ካርታው 320 እያለ መሬቱ 290 ከሆነ፣ የጎደለውን 30 ካሬ ማን እንደያዘው ሳታውቁ አትፈርሙ። መሬቱ 350 ከሆነም ደስ አይበላችሁ። ትርፉ የእናንተ አይደለም፤ ስም ሲዛወር ጥያቄ የሚነሣው እዚያው ላይ ነው። የካርታው ቤት ቁጥርና በሩ ላይ የተለጠፈው ቁጥርም መመሳሰል አለባቸው።

ወረቀቱን ስትመረምሩ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከክፍለ ከተማው የሚወጣው በእናንተ ሳይሆን በሻጯ ጥያቄ ነው፤ የቆየ ደብዳቤ አትቀበሉ። ባንክ ቤቱን በመያዣ ይዞት ወይም ፍርድ ቤት አግዶት ከሆነ የሚታየው በማኅደሩ ነው። የቦታና የቤት ግብር ደረሰኝ፣ የመብራትና የውኃ ሒሳብ የመጨረሻ ክፍያ አብራችሁ ጠይቁ። ሻጯ ባለትዳር ከሆኑ የባላቸው ፊርማ ያስፈልጋል። የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 68 የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዳይሸጥ ያዛል፤ ያልፈረመው ወገን ውሉን በፍርድ ቤት ሊያስፈርስ ይችላል። ባለትዳር ካልሆኑ ደግሞ የጋብቻ ሁኔታቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ይቅረብ።

ውሉ የሚፈረመው ውልና ማስረጃ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲመዘገብ ይጠይቃል፤ ቁጥር 1185 ደግሞ ባለቤትነት የሚተላለፈው በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ሲጻፍ ነው ይላል። ፊርማና ስም ዝውውር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በመካከላቸው ባለው ጊዜ ነው ብዙ ችግር የሚደርሰው። ስለዚህ ገንዘቡን በሙሉ በፊርማ ቀን አትልቀቁ። አብዛኛውን በባንክ ሲፒኦ (ባንኩ ክፍያውን ባረጋገጠው ቼክ) ስጡ፤ አሥር በመቶ ያህሉ ካርታው በስማችሁ ሲወጣ እንዲከፈል በውሉ ይጻፍ። የስም ዝውውር የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ ነው። እሱንና ሌላውን ግብር ማን እንደሚከፍል በአንድ ዓረፍተ ነገር ውሉ ላይ ይቀመጥ።

ደላላው «ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ» ካላችሁ እምቢ በሉ። ሽያጩ ቢፈርስ ከፍርድ ቤት የምታስመልሱት የተጻፈውን ነው። ግብር ለመቀነስም ብዙ አይረዳም፤ መንግሥት የራሱ ግምት አለው።

ቀብዱንስ? በሕጉ ከቁጥር 1883 ጀምሮ እንደተጻፈው ቀብድ ሰጪው ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል። ነገር ግን በደላላ ጠረጴዛ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት የቤት ሽያጭ ውል መልክ የለውም። እጥፉን ትቶ የሰጣችሁትን ለማስመለስም መመላለስ ይመጣል። ፕላኑን ሳታዩ አንድ ብር አትስጡ። በዚህ ምክንያት ቤቱ ቢያመልጣችሁ ኪሣራ የለባችሁም።

ጥያቄ፦ ሊሸጥልኝ የቀረበው ቤት ትልቁ የግል ነው። ግቢው ውስጥ ግን ከኋላ ሦስት የቀበሌ ቤቶች አሉ፤ ሽንት ቤቱም የጋራ ነው። ሻጩ «እነሱ ይነሣሉ፣ አንተ ግቢውን ትጠቀልለዋለህ» ይላሉ። ይህ ይሆናል?
ተ. ገ.፣ ከአራዳ

መልስ፦ በዚህ ተስፋ ዋጋ አትጨምር። የእነዚህ ግቢዎች ታሪክ የሚጀምረው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ከታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ነው። ባለቤቱ የሚኖርበትን ቤት ይዞ ሲቀር፣ ያከራያቸው የነበሩት ሰርቪሶች ተወረሱ፤ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት በቀበሌ እጅ ገቡ። ስለዚህ ከኋላ ያሉት ሦስት ቤቶች ከእነ መሬታቸው የመንግሥት ናቸው። ተከራዮቹ ቢነሡ እንኳ ቤቶቹ ለሌላ ተከራይ ይሰጣሉ ወይም ቦታው ለልማት ይውላል። ለአንተ የሚሸጋገርበት ቀጥተኛ መንገድ የለም።

አንተ መመርመር ያለብህ ካርታው የሚያሳየውን መስመር ነው። የግል ይዞታው ዙሪያ የት ላይ ያልቃል? መተላለፊያው በማን ውስጥ ያልፋል? የግቢው በር አንድ ከሆነ፣ የእነሱ መውጫና መግቢያ በአንተ ሳሎን መስኮት ሥር ነው። ያንን መዝጋት አትችልም። ሽንት ቤቱ ያለበት መሬት በአንተ ካርታ ውስጥ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል፤ ለአራት ቤተሰብ የሚያገለግል ጉድጓድ በሚሞላ ጊዜ ማን እንደሚያስመጥጥ፣ ቢደረመስ ማን እንደሚቆፍር ዛሬውኑ ከጎረቤቶቹ ጋር ተነጋገር። የውኃና የመብራት ቆጣሪው በሻጩ ስም ሆኖ አራቱም ቤት ከዚያ የሚቀዱ መሆናቸው የተለመደ ነው። እያንዳንዱ የራሱን ቆጣሪ እስኪያስገባ ድረስ ሒሳቡ የአንተ ዕዳ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ስል ግቢውን እንድትጠላው አይደለም። ከኋላ ያሉት ሰዎች ሠላሳና አርባ ዓመት የኖሩ ከሆኑ፣ ሰፈሩን ከአንተ በላይ የሚያውቁና የሚጠብቁ እነሱ ናቸው። ግን ዋጋውን ለምትገዛው ቤትና ለካርታው መሬት ብቻ አስላ፤ ለጎረቤትህ መኖሪያ አትክፈል።

ጥያቄ፦ ሰባ ደረጃ አካባቢ ርካሽ ቤት አለ ብለውኝ ሄድኩ። የቀበሌ ቤት ነው፣ «ቁልፍ ብቻ ነው የምትገዛው» አሉኝ።
ወጣት ገዢ

መልስ፦ አትግዛ። የቀበሌ ቤት አይሸጥም፤ የምትከፍለው ገንዘብ ምንም መብት አያመጣልህም። የኪራይ ውሉ በሰውየው ስም ነው፤ እሱ ሲለቅ ቤቱ ለወረዳው ይመለሳል። የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ቤቶችም እንዲሁ ናቸው።

ጥያቄ፦ አባታችን ካረፉ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ቤቱ አሁንም በእሳቸው ስም ነው። አምስት ልጆች ነን፣ አንዷ እህታችን አሜሪካ ናት፤ እናታችን በሕይወት አሉ። ገዢ አግኝተናል። በአባታችን ስም ባለው ካርታ መሸጥ እንችላለን?
የወራሾች ታላቅ፣ ከጉለሌ

መልስ፦ በሞተ ሰው ስም ባለ ካርታ መሸጥ አይቻልም፤ ገዢያችሁ ያወቀ ከሆነ ራሱ እምቢ ይላል። መጀመሪያ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጡ። ቤቱ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ከሆነ ግማሹ የእናታችሁ ነው፤ የሚወረሰው የአባታችሁ ግማሽ ብቻ ነው። ስለዚህ እናታችሁ እንደ ወራሽ ሳይሆን እንደ ባለድርሻ ነው የሚፈርሙት። ቀጥሎ ካርታው ወደ እናታችሁና ወደ ወራሾቹ ስም ይዛወራል፤ ሽያጩ ከዚያ በኋላ ነው። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ወራሽ ካለ፣ ድርሻውን ለመሸጥ ሞግዚቱ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ይህን በኋላ ማስተካከል ጊዜ ይፈጃል፤ ዛሬውኑ ጀምሩት።

እህታችሁ ባሉበት አገር ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ውክልና ይሰጣሉ። ውክልናው እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጥና በውልና ማስረጃ ይመዘገባል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አነጋገሩ ላይ ነው። «ንብረቴን እንዲያስተዳድርልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ አይበቃም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። «ድርሻዬን እንዲሸጥ፣ ዋጋ እንዲቀበል፣ ስም እንዲያዛውር» የሚሉት ሦስቱም በግልጽ ይጻፉ፤ የቤቱ ቁጥርና የካርታው ቁጥር ይግቡበት። አንዱ ቃል ጎድሎ ወረቀቱ ተመልሶ አሜሪካ የሄደበት ቤተሰብ ብዙ ነው።

ይህን ለሚያነብ ገዢ ደግሞ፦ በወኪል ከሚሸጥ ሰው ስትገዛ ውክልናው አለመሻሩን ከመዘገበው ቢሮ አጣራ፤ ወካዩም በሕይወት መኖራቸውን አረጋግጥ። ውክልና በወካይ ሞት ይቀራል። ወካዩን በቪዲዮ ስልክ ማነጋገር አምስት ደቂቃ ነው።

ጥያቄ፦ በ1940ዎቹ የተሠራ የጭቃ ቤት ገዝተናል። የውጭ ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኗል፤ በየክረምቱ ከታች ይላቀቃል፣ ውስጡም ይሸታል። ሁለት ጊዜ እንደገና አስለስነነዋል። አፍርሰን በብሎኬት እንሥራ?
የተቸገረች እመቤት፣ ከቀበና

መልስ፦ አታፍርሱ፤ ቢያንስ ገና አይደለም። መጀመሪያ ስለ ማፍረስ አንድ ነገር ይወቁ። በሕንፃ አዋጁ (ቁጥር 624/2001) ማፍረስም ማሻሻልም ፈቃድ ይጠይቃል። በመሀል ከተማ ደግሞ ፕላኑ የሕንፃ ከፍታ ይወስናል። የነበረውን ቤት አፍርሰው እዚያው ላይ ሌላ ፎቅ የሌለው ቤት ለመሥራት ሲያመለክቱ፣ ለዚያ ቦታ የተወሰነው ፎቅ ነው ሊባሉ ይችላሉ። በእጅዎ ያለውን ቤት ከማጣትዎ በፊት ይህን ይጠይቁ።

አሁን ወደ ግድግዳው። የእርስዎ ግድግዳ የተበላሸው ሲሚንቶው ስለሳሳ አይደለም፤ ሲሚንቶ ስለሆነ ነው። ጭቃ ውኃ ይጠጣል፣ መልሶም ይተነፍሳል። ሲሚንቶ ይደርቅና ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ዝናብና ከመሬት የሚሳበው እርጥበት ከልስኑ ጀርባ ይታሰራል፣ መውጫ ያጣል። ጭቃው ይላላል፣ ውስጡ ያለው እንጨት ይበሰብሳል፣ ምስጥም እርጥብ እንጨት ይወዳል። ሲሚንቶና ጭቃ እየሞቁና እየቀዘቀዙ የሚላወሱበት መጠንም አንድ አይደለም። ስለዚህ ልስኑ እንደ ቅርፊት ይላቀቃል። ሦስተኛ ጊዜ ቢያስለስኑትም እንዲሁ ነው።

ሥራውን ከጥቅምት ጀምሩ። መጀመሪያ ውኃውን ያስወግዱ፤ ይህ ሳይሆን ግድግዳ የሚነካ ባለሙያ አይቅጠሩ። ቤትዎ ሲሠራ ወለሉ ከግቢው ከፍ ይል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መንገዱ በኮብልስቶን፣ ግቢው በአፈር ከፍ ብሏል። ከግድግዳው ሥር ያለውን አፈር ከወለሉ ቢያንስ 15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል ያስነሡ። ከግድግዳው የሚሸሽ ተዳፋት ይስጡት፤ በየሜትሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ከመንገድ የሚወርድ ውኃ ካለ በጠጠር የተሞላ ቦይ፣ ከሥሩ የተበሳ ቱቦ ያስገቡ። የጣሪያው ክፈፍ ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር መውጣት አለበት፤ ካልወጣ አሸንዳ ያስገቡ፣ የአሸንዳውም ውኃ መሠረቱ ላይ አይፍሰስ።

ከዚያ የታችኛውን 60 ሳንቲ ሜትር ሲሚንቶ ያስነቅሉ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይደለም። ቋሚዎቹን በወስፌ ወይም በካቻቢቴ ይውጉ። አንድ ሳንቲ ሜትር ከገባ ያ እንጨት በስብሷል። በዚያ ዘመን ቤት ብዙ ጊዜ ጽድ ያጋጥማል፤ ጽድ ከሆነ አናቱ ደህና ሆኖ የበሰበሰው እግሩ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሙሉውን አይንቀሉ። አግዳሚውን በፑንቴሎ (በጊዜያዊ ድጋፍ) ደግፈው የበሰበሰውን እግር ይቁረጡና ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ የድንጋይ ወይም የኮንክሪት ጫማ ላይ ያስቀምጡት። አንዱ ሳያልቅ ሌላውን አይጀምሩ። ሠራተኞች ለማፍጠን ሦስት ቋሚ አንድ ላይ ሲነቅሉ ነው ጣሪያ የሚወርደው።

ለምርጊቱ ቀይ አፈርና የጤፍ ጭድ ይቡካ፤ ጥቁር አፈር ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ አይሆንም። ጭቃው ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይቆይ፣ በየሦስት አራት ቀኑ ይረገጥ፣ ውኃ ይጨመርበት። የሚቸኩሉ አናጺዎች በዕለቱ አቡክተው በዕለቱ ይመርጉታል፤ ያ ጭቃ ይፈረፈራል። ከሁለት እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር እየሆነ በንብርብር ይለጠፍ፣ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይጨመር። ትንንሽ ስንጥቅ ጥሩ ነው፤ ልስኑ የሚይዝበት ነው።

ልስኑ የኖራ ይሁን። አንድ እጅ ኖራ፣ ሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ። የከረጢት ኖራ ከሆነ ቢያንስ ሌሊቱን በውኃ ይዘፍዘፍ፣ ሳምንታት ቢቆይ ይሻላል። ያልጠፋ ኖራ ከሆነ ግን ኖራውን ወደ ውኃው ይጨምሩ እንጂ ውኃውን ወደ ኖራው አይደለም፤ ይፈላል፣ ዓይን ያጠፋል። ሁለት ጊዜ፣ እያንዳንዱ አንድ ሳንቲ ሜትር ይቀባ። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ጋር ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ ፀሐይ እንዳያገኘው በጆንያ ይሸፈን፣ ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ውኃ ይረጭበት። ከላይ የሚቀባውም የኖራ ቀለም ይሁን፤ ላስቲክ የሚሆን ቀለም ከቀቡበት ድካማችሁ ሁሉ ይበላሻል።

ጣሪያውንም በዚሁ ይዩት። ቆርቆሮ የሚዝገው መደራረቢያውና የምስማር ቀዳዳው ላይ ነው። ሲቀይሩ የጌጁ (የውፍረት መለኪያው) ቁጥር ባነሰ ቁጥር ቆርቆሮው ወፍራም መሆኑን አይርሱ፤ 28 ከ32 ይወፍራል። ርዝመቱ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ይደራረብ።

ጥያቄ፦ የቤታችን የእንጨት በረንዳ የተፈለፈለ ጌጥ አለው። ቅርስ ነው ተብሎ ተመዝግቧል ይላሉ። በብረት ልንተካው እንችላለን?
ከአርመን ሰፈር

መልስ፦ መመዝገቡን በከተማው የባህል ቢሮ አረጋግጡ። ከተመዘገበ፣ በቅርስ አዋጁ (ቁጥር 209/1992) ጥገና ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ አይካሄድም፤ በብረት መተካት ደግሞ ጥገና አይባልም። ቤቱን ለመሸጥ ካሰባችሁም አስቀድማችሁ አሳውቋቸው።

እኛ ግን ባይመዘገብም እንጨቱን እንዳትጥሉት እንለምናችኋለን። በምኒልክና በዘውዲቱ ዘመን የሕንድና የአርመን ግንበኞች ከአገሬው አናጺ ጋር የሠሯቸው በረንዳዎች ከከተማው በየዓመቱ እየጠፉ ነው። ምን ያህል ዕድሜ ሊኖራቸው እንደሚችል ለማየት የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነውን የራስ ብሩን ቤት ሄዳችሁ እዩ። የሚበሰብሰው ብዙ ጊዜ የታችኛው አግዳሚና የምሰሶው እግር ነው፤ ጌጡ አይደለም። ከመነካቱ በፊት እያንዳንዱን ቁራጭ ፎቶ አንሡ፣ ከጀርባው በእርሳስ ቁጥር ጻፉ። የጎደለውን ጌጥ ከደህናው ላይ በካርቶን ቀድታችሁ በዝግባ አስፈልፍሉ። የተበላውን ብቻ ቆርጣችሁ በሰያፍ አጋጥሙት፤ ቀጥ ያለ መጋጠሚያ ውኃ ይይዛል። ዝግባ ለዝናብ ተጋልጦ ሳይቀባ አይቆይም። በየሦስት ዓመቱ ገደማ በዘይት ቀለም ይታደስ።

ጥያቄ፦ ቀበና ወንዝ ዳር የሚያምር ቤት አለ፤ ከበረንዳው የወንዙ ድምፅ ይሰማል፣ ዛፉም ብዙ ነው። ዋጋውም ከሌላው ያንሳል።
ለ. ወ.፣ ከሽሮ ሜዳ

መልስ፦ ዋጋው ያነሰበት ምክንያት አለ። ቀበና፣ ግንፍሌና ባንቲቀጡ ከእንጦጦ ተዳፋት ስለሚወርዱ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ተራራው ላይ የዘነበው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይደርሳል። የወንዝ ዳር ቦታ ደግሞ በፕላን አረንጓዴ ሆኖ የመያዝ ዕድሉ ከሁሉም ይበልጣል፤ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የወንዝ ዳርቻ ልማቱ እየሰፋ ነው። ቢነሣ ካሳ የሚሰላው ለቤቱና ለተተከለው ንብረት ነው። ለበረንዳው ዕይታ የከፈሉት ትርፍ አይታሰብም።

ቢሆንም ፕላኑ ንጹሕ ከሆነ እንዲህ ይዩት። ከወንዙ ጋር ትይዩ የሆነ ስንጥቅ በግቢው ወይም በወለሉ ላይ ካለ፣ ዛፎቹ ወደ ወንዙ ካዘነበሉ፣ ወደ ወንዙ ያለው በር የማይዘጋ ከሆነ፣ ዳርቻው እየተንሸራተተ ነው፤ ይተዉት። ቀያሹ የካርታውን ማዕዘኖች ሲለካ አንዱ ነጥብ አየር ላይ፣ ከገደሉ ውጭ የሚወድቅበት ጊዜ አለ፤ መሬቱ ሄዷል ማለት ነው። የድጋፍ ግንብ ካለ መሠረቱ ከወንዙ ወለል በታች መውረዱን፣ የውኃ መውጫ ቀዳዳ መኖሩን ይዩ። ቀዳዳ የሌለው ግንብ ከጀርባው በሚጠራቀመው ውኃ ይገፋል። የሽንት ቤቱ ቱቦ ወዴት እንደሚሄድም በቀለም የተበጠበጠ ባልዲ ውኃ አፍስሰው ይከታተሉ። ወንዝ ውስጥ ከወጣ፣ ቤቱን በገዙ ማግስት ቅጣቱ የእርስዎ ነው፤ አዲስ ሴፕቲክ ታንክ የሚቆፈርበት ቦታ ከሌለም ዋጋ ለማስቀነስ አይድከሙ፤ ቤቱን ይተዉት።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ፤ የምፈልገው ጸጥታ ነው። ሰፈሩ በእርግጥ ጸጥ ያለ መሆኑን በምን አውቃለሁ?
አንባቢያችሁ፣ ከገርጂ

መልስ፦ አባታችን፣ ደላላ ቤት የሚያሳየው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው፤ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሁሉም ሰፈር ጸጥ ያለ ነው። ዓርብ ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ፣ እሑድ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ እንዲሁም ተማሪ በሚለቀቅበት ሰዓት ሄደው በሩ ላይ ይቁሙ። ጃን ሜዳ አጠገብ ከሆነ ከጥር 10 ጀምሮ ለጥምቀት መንገዱ በሰው እንደሚሞላ ያውቃሉ፤ ለብዙዎች በረከት ነው፣ ሕመምተኛ ካለ ግን መኪና አይወጣም። ወደ ምኒልክ አደባባይ የቀረበ ቤት የካቲት 23ም እንዲሁ ነው። መተላለፊያውን በሜትር ይለኩ፦ አምቡላንስ ካልገባ፣ ከቤትዎ እስከ መኪና መንገድ ያለው ደረጃ ስንት ነው?

ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ጎረቤትን በየትኛው ቀን እንደሚመጣ ይጠይቁ። ሮቶ ያስፈልግዎታል፤ ባለ 1,000 ሊትር ሲሞላ አንድ ቶን ነው፤ አሮጌ ጣሪያና ግድግዳ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ በግንብ መቀመጫ ያስቀምጡት፣ በትንሽ ፓምፕ ይግፉት። የመብራት መስመሩ በጨርቅ የተለበጠ አሮጌ ሽቦ ከሆነ ምጣድ ከመሰካትዎ በፊት ሙሉውን ያስቀይሩ፤ የምጣዱ መስመር ከቆጣሪው ለብቻው ይምጣ፣ የራሱ ማቋረጫና የመሬት ሽቦ ይኑረው።

የዕድሩን ዳኛ ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ። የመግቢያ ክፍያውንና አዲስ አባል ሙሉ መብት የሚያገኝበትን ጊዜ ይነግሩዎታል። ስለ ቤቱም፣ ስለ ሻጩም፣ ስለ አጥሩ ክርክርም የትኛውም ማኅደር የማይጽፈውን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ እግረ መንገድዎን ያንንም ይጠይቋቸው።